ቀለም የገባው እጅ

ኮምቦልቻ ሲነጋ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣
የጨርቃ ጨርቁ ጡሩምባ ሰፈሩን ሲሰብር፣
ከቀለም ክፍል በር ብቅ ትላለች እሷ፣
እስከ ክርኗ ወይን ጠጅ፣ ነጭ ነጠላ ልብሷ።
ደብሪቱ ነው ስሟ።
በረኪና አያስለቅቅ፣ ሳሙናም አልቻለ፣
ሃያ ዓመት የጠጣው ጥፍሯ ሥር እንዳለ።
«ቀለም የገባት ሴት!» ይላሉ ሲቀልዱ፣
ዘበኞቹ በር ላይ ፈትሸው ሲሰዱ።

ቀልዱ እውነት መሆኑን እኔ ነኝ ምስክር፤
ሀ ሁ ያስቆጠረኝ ያ ወይን ጠጅ ጥፍር።
በርበሬ ወንዝ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ጎጆዋ፣
ውዳቂ አቡጀዲ የፊደል ገበታዋ፤
ከበርሜሉ ግርጌ ዝቃጩን ጠቅሳ
ትጽፍልን ነበር ሆሄውን ዳብሳ።

አባቷ መሪጌታ። ወንድሞቿ ሦስት።
ሲቀጽሉ ያመሻሉ፣ ሲያንቀላፉ ከእሳት።
እሷ ደጅ ላይ ሆና ምስር ስትለቅም፣
በእነሱ ላይ ያለፈው እሷን ገባት ቀለም።
አንድ ሌሊት ከውጭ፣ ወንዶቹ የሳቱትን ዜማ
ሞላችው፣ ሳታስበው፣ በቀጭን ድምፅ ለዝማ።
«ወንድ ብትሆኚ ኖሮ…» ብለው ዝም አሉ አባቷ፤
ያ ያልተቋጨ ቃል
የኖረችበት ቤቷ።

ክፉው ወራት መጣ። አስፋልቱ ጭር አለ።
መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮም የፈጨ የለ።
ካህናቱ በሌሊት ከከተማ ወጡ፤
እኔም፣ ዲያቆን ተብዬ፣ ሄድኩ ከሚያመልጡ።

እሷ ግን ቀረች።
የመጣውን ሁሉ ቤቷ አስገባች፦
አራስ፣ ሽማግሌ፣ እግሩን የቆሰለ፣
ማን እንደሆነ እንኳ አፍ አውጥቶ ያላለ።
ሲመሽም ሲነጋም ጸሎቱን መራች፣
ጽናጽል በሌለበት ጣሳ እየመታች።
ለሞቱት ለሦስቱ
ከፋብሪካው ጥቅል መግነዝ ቀደደች፤
ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ አልነበረም፣
ስማቸውን ብቻ ደጋግማ ጠራች።
ዘይነባ፣ ጎረቤቷ፣ የፈረቃ ጓዷ፣
ደጁን ትጠብቃለች ጀሪካን በክንዷ፦
«አንቺ ጸልዪ፤ ውኃው በኔ።»

ሰላም ሆነ። ተመለስን። ዣንጥላው ተዘረጋ።
የሰበካው ጸሐፊ ወረቀት ዘርግቶ
«በዚያ ወራት ጸንተው ያገለገሉ» ብሎ
አሥራ አንድ ስም ጠራ፤ አሥራ አንዱም ባለ ጢም።
የኔም ስም አለበት።
የእሷ የለም።

ከዚያ ምንባብ ደረሰኝ፣ በግዕዝ። ስለ ወንዝ ዳር፣
ሴቶች ተሰብስበው ሲጸልዩ ከከተማው አጥር ባሻገር፤
ስለ ልድያ፣ የወይን ጠጅ ግምጃ ነጋዴ፣
ሐዋርያቱን «ቤቴ ግቡ» ብላ ስለያዘች በግዴ።
በዚያ አገር ምእመናን መጀመሪያ የተጠለሉት
ቀለም በሚሸት ጓዳ መሆኑን፣ እስከዚያች ቀን
አንብቤው አላውቅም፤ ስጮኸው ኖሬ ብቻ።
ከታች ቦርከና ይፈሳል።
ቀና ስል፣ በሴቶች በር በኩል፣
መቃኑን የያዘ አንድ እጅ።
ወይን ጠጅ።

ድምፄ ተሰበረ።

ሕዝቡ ሲበተን ግቢ ውስጥ ፈለግኋት፣
ይቅርታ የሚባል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ሳለ ሳልደርስባት
ቀድማ ክንዴን ያዘች፣ ቆጣ እንደ ድሮዋ፦
«‹አስገባች› የሚለው ጋ ድምፅህን ጣልክብኝ።
ስንቴ ነግሬሃለሁ፣ አሁንም አደከምከኝ!
ወዳቂውስ ስም ነው፤
ስም ይውደቅ፣ ግድ የለም።
ግስ ግን፣ ልጄ…»

ጡሩምባው ጮኸ። ፈረቃዋ ነው።
ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች አስፋልቱን፣
ካሚዮን አሳልፋ፣ ከማዶ ዞር ብላ
አነሳችልኝ እጇን፦

«ግስ ተነሽ ነው!»